ያገለገለ መኪና ምርመራና የመሐንዲሱ ቃል

(ለማኅበሩ አባላት በዓመታዊው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ የተባለ ሁሉ፣ የተማረው የግድብ ሥራም ይሁን የመብራት መሥመር ዝርጋታ፣ በቤተ ዘመዱ ዘንድ የመኪና ዐዋቂ ሆኖ መቈጠሩ የታወቀ ነው። ሠርግ ላይ ቢሆን ለቅሶ ላይ፣ ከተቀመጠበት ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አንዲት መኪና አግኝቻለሁ፤ እስቲ አንድ ጊዜ እይልኝ» የሚለው ሰው አያጣም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከጥያቄው በስተጀርባ ግን ብዙውን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ የዐሥር ዓመት ቍጠባ፣ የዕቁብ ዕጣ፣ አንዳንዴም ከተሸጠ የአባት ቤት የተገኘ ድርሻ አለ። ያገለገለ መኪና ምርመራ የሜካኒክ ወይም የደላላ ጕዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የሌለበትም ስለዚህ ነው።

ነገሩን በአንድ ታሪክ መጀመር ይቀላል። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ለልጃቸው መተዳደሪያ ይሆነው ዘንድ አንድ ያገለገለ የቤት መኪና ለመግዛት አሰቡ። ልጁ ሥራ አጥቶ ሁለት ዓመት ተቀምጧል፤ መኪናው ከተገኘ በስልክ ጥሪ የሚሠራ ታክሲ ሊነዳ ነው። ገንዘቡ ግማሹ የእርሳቸው ቍጠባ፣ ግማሹ የእኅታቸው ብድር ነበር። ደላላው መኪናውን ይዞ በመጣ ዕለት የወንድማቸውን ልጅ አስጠሩት። የወንድማቸው ልጅ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። «እትዬ፣ እኔ እኮ የመኪና ሰው አይደለሁም» ቢላቸው፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ለምን ሆነና ነው?» ብለው ዝም አሰኙት።

ጊዜው ሐምሌ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። ዝናቡ ካባራ ሩብ ሰዓት አልሞላውም። መኪናው እርጥብ ነው፤ ያብለጨልጫል፤ ኮፈኑም ለብ ብሏል። ደላላው፣ «ኢንጂነር፣ ይቺ እኮ የዶክተር መኪና ናት፤ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት፤ ሌላ መንገድ አታውቅም» አለ። መሐንዲሱ ኮፈኑን አስከፍቶ አየ፤ ሞተሩን አስነሥቶ አደመጠ፤ ዙሪያውን ዞሮ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ከዚያም፣ «ደኅና ናት፣ እትዬ» አለ። ይህ ሁሉ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። መምህርቷም ሲከራከሩበት የነበረውን ቅናሽ ትተው በተጠየቀው ዋጋ ገዙ፤ የወንድማቸው ልጅ ደኅና ናት ብሏላ።

ወር ሳይሞላ፣ ልጁ አራት ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ ዳገት ሲወጣ መኪናው እንፋሎት ተፍቶ ቆመ። ጋራዥ ገብቶ ሲፈታ ቴስታታው ተጣሞ ተገኘ፤ ጓርኒሲዮኑም ዱሮውኑ ተቃጥሎ ኖሮ፣ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ በራዲያተሩ ውስጥ ተጨምሮ ለጊዜው እንዲይዝ ተደርጎ ነበር።

ከመሐንዲሱ የጐደለው ዕውቀት አይደለም። ስለ ሙቀትና ስለ ግፊት የተማረው ለዚህ ጕዳይ ከበቂ በላይ ነበር። ለአክስቱ ያዋሰው ግን ማዕረጉን እንጂ ዕውቀቱን አልነበረም። ይኸው ሰው ድልድዩ ላይ ቢሆን ኖሮ ኮንክሪቱን በዐይኑ ቃኝቶ «ደኅና ነው» አይልም፤ ናሙና አስወስዶ በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ መሣሪያ አስለክቶ ቍጥሩን ሲያይ ብቻ ይፈርማል። መኪናው ዘንድ ሲደርስ ይህን ልማዱን ከበር ውጭ ትቶ ገባ።

እንዲህ ያለው ቃል በገበያ ውስጥ ያለው ክብደት ቀላል አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ሻጭ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል፤ ገዥ አያውቅም። ገዥ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው መካከለኛ ዋጋ ይሆናል፤ በዚህ ዋጋ መልካም መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ መጥፎ ያለው ግን እየሮጠ ይመጣል። እንዲህ እያለ ገበያው በመጥፎዎቹ ይሞላል። አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ከዚህ በተነሣ የጥናት መሥመር ነው። ነገሩን ሲያጤኑት፣ አዋቂ ነው የተባለ ሰው ሳይመረምር «ደኅና ናት» ሲል መጥፎውን መኪና በመልካሙ ዋጋ ያሸጣል። ከደላላው የሚለየው ኮሚሽን ባለመቀበሉ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። በሌላው አገር መኪና ባረጀ ቍጥር ዋጋው ይወርዳል። በአዲስ አበባ ግን አምስት ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከአዲሶቹ እጅግ የከበደ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በመሆኑም በከተማው ያለው የቤንዚን መኪና የሚተካው ሳይኖር አብሮ እያረጀ ነው። ሊጣል የሚገባው መኪና ይቀጠቀጣል፣ በስቱኮ ይሞላል፣ ይቀባል፤ ተመልሶም ገበያ ይወጣል። ዋጋው ስለማይወድቅ ለዚህ ሁሉ ድካም ያዋጣል።

ታዲያ ምርመራው በምን ይጀመር? አንድ መኪና በላዩ አያሌ ምስክሮች አሉት፤ የመርማሪው ሥራም ምስክሮቹ እርስ በርሳቸው ይስማሙ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ከሁሉ ደካማው ምስክር የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው። ዱሮ በጥርስ የሚዞረውን በእጅ ይመልሱት ነበር፤ የዛሬውን በትንሽ መሣሪያ በደቂቃዎች ውስጥ ይጽፉታል። ቆጣሪው 70,000 ኪሎ ሜትር ሲል የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ፣ መሪው በመዳፍ ብዛት ከለሰለሰ፣ የሹፌሩ ወንበር በር በኩል ያለው ጠርዙ ከተቀደደ፣ ከእነዚህ መካከል የሚዋሸው ቆጣሪው ነው። ጎማም ልደቱን ይናገራል። በጎኑ ላይ ባለች ሞላላ ክበብ ውስጥ ከታተሙት አራት አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የአውሮፓውያንን ዓመት ያሳያሉ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። የደኅንነት ቀበቶው ሥር የተሰፋችው ጨርቅ ብዙ ጊዜ የተሠራበትን ቀን ትይዛለች። መስታወቶቹም የፋብሪካ ምልክት አላቸው፤ አምስቱ የአንድ ፋብሪካ ሆነው አንዱ ከተለየ፣ በዚያ በኩል አንድ ነገር ደርሷል።

ስለ ሻንሲ ቍጥር ብዙ የተሳሳተ ወሬ ስላለ ጥቂት መቆየት ይገባል። ዓለም አቀፉ ቍጥር 17 ምልክት አለው፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ከእነዚህ አንዱ ተቀርጾ ከተገኘ የሰው እጅ ነክቶታል። ዐሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይነግራል የሚባለው ግን ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩትን ይመለከታል፤ የአውሮፓ አምራቾች እንዲከተሉት አይገደዱም። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና ደግሞ ጭራሹን 17 ምልክት የለውም፤ ያለው አጠር ያለ የሻንሲ ቍጥር ነው። ስለዚህ አጭር ቍጥር ያየ ሁሉ ተጭበረበርሁ ብሎ አይጩኽ። ዋናው ጥያቄ በብረቱ ላይ የተቀረጸውና የሞተሩ ቍጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፉት ጋር አንድ ናቸው ወይ የሚለው ነው፤ በቍጥሩ ዙሪያ የብየዳ ወይም የሞረድ ምልክት መኖሩም በእጅ ተዳስሶ ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ አካሉ ነው። አካል በዝናብ፣ በምሽት፣ ወይም ታጥቦ ሳይደርቅ አይታይም፤ ውኃ ጠባሳን ሁሉ ይሸፍናል። የፋብሪካ ቀለም ውፍረት በጥቅሉ ከ80 እስከ 160 ማይክሮን ይደርሳል። የቀለም መለኪያ ያለው ሰው አንዱ በር 120፣ ሌላው 900 ሲያነብ ከሥሩ ስቱኮ እንዳለ ያውቃል። መለኪያ የሌለው በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይበቃዋል፤ ስቱኮ በወፈረበት ላይ ማግኔቱ አይዝም። እርግጥ ፕላስቲኩ ፓራውልት ላይ ማግኔት የሚሞክር መሐንዲስ እንዳይሳቅበት ይጠንቀቅ። ፓራፋንጎውን የያዙት ብሎኖች ጫፋቸው በመፍቻ ተልጦ ከሆነ አንድ ጊዜ ተፈትቷል ማለት ነው። ፓራፋንጎ መለወጡ ወንጀል አይደለም። የሚያስፈራው ከኮፈኑ ሥር በሁለቱም ወገን በቁመት የሚሄዱት ዋና ብረቶች ተጨማደው የተቃኑ፣ ወይም ተቈርጠው የተበየዱ እንደሆነ ነው፤ ግጭት ሲደርስ ጉልበቱን ውጠው ሰውን የሚያድኑት እነርሱ ናቸውና።

ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሸጋገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መሪው በስተቀኝ የሆነ መኪና ለመንገዱ አይመችም፤ ስለዚህም ለግራ መንገድ የተሠሩ አያሌ ትናንሽ መኪኖች በባሕረ ሰላጤው አገሮች መሪያቸው ወደ ግራ እየተዛወረ ገብተዋል። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ብዙ ዘመን ያገለግላል። በግዴለሽነት ከተሠራ ግን የመሪው ዘንግ ተበይዶ ይገኛል፤ ዳሽቦርዱ ተቈርጦ ተለጥፏል፤ ኤርባጉም ከመንገድ ወድቆ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን መኪና የሚያጋልጥ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ሲመሽ ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል አርቆ አቁሞ ዝቅተኛውን የፊት መብራት ማብራት ነው። ለቀኝ መንገድ የተሠራ መብራት ብርሃኑ በስተቀኝ ከፍ ይላል፤ የእግረኛውን ዳር ያሳያል። ለግራ መንገድ የተሠራው በስተግራ ከፍ ስለሚል የሚመጣውን ሹፌር ዐይን ያጠፋል። መሪውን ያዛወረ ሰው መብራቱን መለወጥ ይረሳል።

የኤርባጉ መብራት ቍልፉ ሲዞር በርቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሹን ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል። ቢበራና ቢጠፋ እንኳ፣ በፈነዳው ኤርባግ ምትክ ትንሽ የኤሌክትሪክ መከላከያ ተገጥሞ ኮምፒዩተሩ ተታልሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ክዳኑ የተለጠፈ መሆኑን በቅርብ ማየት ይገባል።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሞተር የሚመረመረው ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። ሻጭ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት አሙቆ ከጠበቀ፣ ያ ሙቀት ራሱ መልስ ነው። በቀዝቃዛነቱ ሲነሣ የሚወጣው ጢስ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቋረጠ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ቅቤ የመሰለ ነገር ተጋግሮ ቢገኝም ጥርጣሬው ያው ነው። አዳዲሶቹን መኪኖች በኮምፒዩተር ማንበብ ይቻላል፤ ነገር ግን «ምንም ስሕተት የለም» የሚለውን ንባብ ብቻ ማመን አይገባም። መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች «ገና አልተጠናቀቁም» ካሉ፣ የስሕተቱ መዝገብ በቅርቡ ተደምስሷል፤ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር።

ከዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ መታሰብ አለበት፤ ጋራዦች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት፣ መሐንዲስ ግን ሊዘነጋው የማይገባ ነው። በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት 0.76 ባር ያህል ነው፤ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። በዚሁ ልክ ተርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ መኪናው ዳገት ላይ ቢደክም ወዲያው ሞተሩ አልቋል አይባልም። በካንዴላው ቀዳዳ የሚለካው ኮምፕሬሽንም እንዲሁ ነው። የአምራቹ መጽሐፍ 12 ባር ይል እንደሆነ ይህ ቍጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። ከውጭ አየር ጋር ሲደመር 13 ባር፣ ሦስት አራተኛው 9.8 ባር ገደማ፣ ከዚህ ላይ የአዲስ አበባው 0.76 ሲቀነስ ጌጁ የሚያነበው 9 ባር ይሆናል። ጤነኛ ሞተር ማለት ይህ ነው። ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 6 ከሆነ፣ ያኔ ሞተሩ በእውነት ታሟል።

ውኃም በከተማው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በብዙ መኪኖች የራዲያተሩ ፋን የሚነሣው 93 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። እነዚህ ሁለት ቍጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ የራዲያተሩ ክዳን ምን ያህል እንደሚሠራ ይገባል። ክዳኑ 0.9 ባር ተጨማሪ ግፊት ሲይዝ የመፍያው ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ይወጣል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊት ካልያዘ ግን ውኃው ፋኑ ከመነሣቱ በፊት ይፈላል። የመምህርቷ መኪና ታሪክ ምናልባት ከዚህ ጀምሮ ይሆናል፤ አንድ ርካሽ ክዳን ሳይለወጥ ቀረ፤ ውኃው ደጋግሞ ፈላ፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፤ ቀጥሎም የሚደፍነው ፈሳሽ መጣ። ራዲያተሩ ሲከፈት፣ በቀዝቃዛነቱ መሆኑ አይረሳ፣ በቀለማም ማቀዝቀዣ ፈንታ ዝገት የቀላቀለ የቧንቧ ውኃ ከታየ ቀሪውን መገመት ይቻላል።

በመንገድ ላይ ሲሞከር ሜዳው ብዙ አይናገርም፤ ሽቅብና ቍልቍል ያስፈልጋል። ከነሰዎቹ 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በዐባይ በረሃ መንገድ ከጎሐ ጽዮን 1,000 ሜትር ቢወርድ፣ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበት 12 ሜጋ ጁል ያህል ነው፤ ወደ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈላ ሙቀት ማለት ነው። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይቀበላሉ፤ ቀሪው ፍሬኑ ላይ ያርፋል። በደኅና ሜዳ ላይ የሚይዝ ፍሬን ከረጅም ቍልቍለት በኋላ ፔዳሉ እየላላ ከወረደ የፍሬን ሸራውና ፈሳሹ መታየት አለባቸው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ ሲገባ የሚዘገይበት ጊዜና የዘይቱ የቃጠሎ ሽታ ይጤናሉ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ ስለመጡ፣ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በእነርሱ ዋናው የዋጋ አካል ባትሪው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የኪሎ ሜትር ግምት ምስክር አይሆንም። ከ20 በመቶ እስከ 80 በመቶ ሲሞላ በቆጣሪ የገባውን ኪሎ ዋት ሰዓት መለካት፣ ለኃይል መሙያው ብክነት ጥቂት ቀንሶ ከአዲሱ አቅም ስድሳ በመቶ ጋር ማነጻጸር የተሻለ ነው። የአምራች ዋስትናም ለተሸጠበት አገር የተሰጠ ስለሆነ አብሮ ላይሻገር ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዥም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ዕዳና እግድ አለመኖሩ ቀብድ ከመከፈሉ አስቀድሞ ይጣራል። የቦሎ መኖር መኪናው በዚያ ዓመት መመርመሩን ያሳያል እንጂ ዛሬ ጤነኛ ነው አያሰኝም።

የመምህርቷ የወንድም ልጅ ከዚያ ወዲህ አሠራሩን ለወጠ። መምህርቷ የተበላሸውን አሠርተው፣ የሆነውን ሁሉ ለገዥው ነግረው በኪሳራ ከሸጡት በኋላ፣ ሌላ መኪና ሲፈለግ መሐንዲሱ አንድ ወረቀት ይዞ መሄድ ጀመረ። በወረቀቱ ላይ ሦስት ክፍሎች ነበሩ፤ የታየ፣ የተለካ፣ ያልታየ። ከሦስቱ እጅግ የከበደው የመጨረሻው ሆኖ አገኘው፤ «ያልታየ፦ የካምቢዮው ውስጥ» ብሎ መጻፍ ለአንድ መሐንዲስ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ሻጭ ዘንድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲደርስ ኮፈኑን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ሞቆ ነበር፤ አመስግኖ ተመለሰ። ሦስተኛው ሻጭ መኪናውን እንደ አደረ አስረከበው።

ጋራዥ ተወስዶ ኮምፕሬሽኑ ሲለካ 9፣ 8.8፣ 9.1 እና 8.9 ሆነ። መካኒኩ መጽሐፉን ገልጦ፣ «እማማ፣ ይሄ ሞተር አልቋል፤ 12 ነው የሚለው» አላቸው። መምህርቷ ደነገጡ። የወንድማቸው ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ 13ን፣ ሦስት አራተኛውንና 0.76ን ጻፈ፤ ለመካኒኩም አሳየው። መካኒኩ ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ስንቱን ሞተር በከንቱ ፈትተናል በለኛ» አለ። ጎማዎቹ የ2014 እ.ኤ.አ. ሆነው ስለተገኙ የአራት ጎማ ዋጋ ከዋጋው ላይ ተቀነሰ፤ የግራው የኋላ በር ስቱኮ እንዳለበት በወረቀቱ ላይ ተጻፈ፤ መምህርቷም አንብበው ፈረሙበት።

ስም ማዛወሩ ማክሰኞ አለቀ። የራዲያተሩ ክዳን ግን ቅዳሜውኑ፣ ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት፣ በሻጩ ወጪ ተለውጦ ነበር።